ከአስካለ ጋር በነጠላ የታሰርኩበት ዓርብ

የበደለችኝ አስካለ ናት። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሁለታችንም የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ ተብሎ አሰላ ውስጥ ሥጋ ሻጩም ልብስ ሰፊውም ስለ ሕግ የሚያወራበት ሰሞን ነው። የራሴን ስም አልጽፍም። የእሷን ግን ጽፌዋለሁ፤ ካነበበችው ራሷን ታውቃለች።

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም። በቅርቡ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔና እሷ እኮ በልጅነታችን በነጠላ ታስረን ነው ያደግነው፤ እንዲህ ነበር የምንዋደደው» አለች። ሴቶቹ «ወይ ፍቅር» አሉ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ መልስ አልሰጠሁም። መልሱ ይኸው።

አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር ጌታነህ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጠበቃ መሆን ፈልገው ሳይሳካላቸው አስተማሪ የሆኑ ናቸው። ይህን የነገረን የለም፤ ግን ኮታቸውን እጅጌውን ሳያጠልቁ ትከሻቸው ላይ እንደ ካባ ጣል አድርገው ሲያስተምሩ ማንም ያውቅባቸዋል። በዚያ ሳምንት የፍርድ ቤት ቃላት ያዙ። ሰሌዳው ላይ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ማስረጃ፣ ዋስ፣ ቀጠሮ፣ ይግባኝ ብለው ጻፉ። «ከሳሽ ማለት ተበደልኩ ብሎ ወደ ዳኛ የሚሄድ ነው። ተከሳሽ ማለት ደግሞ በደለ የተባለ ነው። በደለ የተባለ ማለት ግን የበደለ ማለት አይደለም» አሉና ይህቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በአንድ ድምፅ ደጋግመን እንድንላት አደረጉ። ሌሎቹ ሲሏት እኔ አፌን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር፤ ዓይኔ የአስካለ አንገት ላይ ነበርና።

አስካለ አንገቷ ላይ ቀይ ጨሌ አድርጋ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ፍም የሚበራ የብርጭቆ ዶቃ። ክርስትና እናቴ ሰጠችኝ ብላ ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ ስታሳይ አርፍዳለች። ለእኔ ብቻ አላሳየችኝም። ባለፈው ፈተና በደረጃ በልጫት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚታይ ነገር አልነበራትም።

«ቃል በአፍ ብቻ አይያዝም። ችሎት እንሰየም» አሉ መምህሩ።

ዳኛ ያደረጉት ደጀኔን ነው፤ ከክፍሉ ኮት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ኮቱ የአባቱ ስለነበር እጁ ከውስጡ አይወጣም፤ ለዳኝነት ግን እጅ አያስፈልግም። ከሳሽ ለመሆን ሁለት እጇን ያወጣችው አስካለ ናት።

«ማንን ልክሰስ፣ መምህር?»

«የፈለግሽውን።»

ጣቷ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። መንገድ ላይ ለአፍታ እንኳ አላመነታም።

«ክሱን አሰሚ» አላት ደጀኔ ድምፁን አወፍሮ።

«የእናቴን ዶሮ ሰርቃለች።»

«ምን ዓይነት ዶሮ?»

«ገብስማ ናት። ቄብ። እግሯ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረባት። ማክሰኞ ከጓሯችን ጠፋች።»

መምህር ጌታነህ በደስታ ኮታቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «አያችሁ? ክስ እንዲህ ነው። መልኩ፣ ምልክቱ፣ ቀኑ፤ ምን ጎደለው?» አሉ። እኔም ውሸት እንዲህ አሳምራ መናገሯ አስቀናኝ። ያ ሁሉ ዝርዝር ከየት እንደመጣ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። አልጠየቅኩም።

«ተከሳሽ፣ መልስሽ?» አለ ደጀኔ።

«እኔ ዶሮ እፈራለሁ» አልኩ።

እውነቴን ነው። ዛሬም እፈራለሁ፤ ዓይናቸው በጎን ነው፣ ማንን እንደሚያዩ አይታወቅም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁና፣ አስካለና እኔን ጎን ለጎን አቁመው የነጠላዎቻችንን ጫፍና ጫፍ ያዙ። «ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ የሚሄዱት እንዲህ ነው፤ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፤ አንዱ ከአንዱ አያመልጥም። ቁራኛ ይባላል» ብለው ቋጠሩን። አጥብቀው ነበር የቋጠሩት። ጠበቃ ሳይሆኑ የቀሩበት ቁጭት ሁሉ እዚያች ቋጠሮ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

ደጀኔ ፍርድ ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ከሁሩታ ተልኬ ነው፤ ባለቤትዎን ምጥ ይዟቸዋል» አለ። መምህሩ ጠመኔውን ጣሉ። ኮታቸውን ሳያነሱ ወጡ። ከግቢው መሀል ድምፃቸው ተመልሶ መጣ፦ «ፍርዱ ለሰኞ ተቀጥሯል።»

ቀጠሮ የሚለው ቃል ያኔ ገባኝ። ዳኛው የሚሄድበት፣ አንቺ ታስረሽ የምትቀሪበት ጊዜ ማለት ነው።

ደወል ተደወለና ልጆቹ ወጡ። እኔና አስካለ በር ላይ ስንደርስ እኔ በጥርሴ እሷ በጥፍሯ ቋጠሮውን እንታገል ነበር።

«በሕግ አምላክ» አለ አንድ ድምፅ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ደሴ ናቸው። በዚያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው የቆመበት ይደርቃል፤ እኔ ጥርሴ ነጠላው ላይ እንዳለ ደረቅኩ።

«ማነው ያሰራችሁ?» አሉ።

መምህሩ ማለት ስችል «ዳኛ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ትምህርቱ በጣም ገብቶኝ ይሆናል።

አባባ ደሴ ዱላቸውን ተደገፉ። ወጣትነታቸውን በሙግት የጨረሱ ሰው እንደሆኑ ይወራ ነበር። «እንግዲያው ዳኛ የቋጠረውን ዳኛ ይፍታው። ልጆቼ፣ ፈቺዋ ተረቺ ናት። ከሳሿ ከፈታችው በሐሰት ከስሳለች፤ ተከሳሿ ከፈታችው ሰርቃለች» አሉን።

ሁለታችንም እጃችንን ከቋጠሮው ላይ አነሳን። አስካለ መረታት አትፈልግም፤ እኔም ሌባ መባል አልፈልግም። አብረን ወጣን።

ከሰው ጋር በነጠላ ታስራችሁ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ፤ ሲሄዱ አንገት ይታነቃል፣ ሲቆሙ ትከሻ ይራቆታል። ድንጋይ ላይ እኔ በግራ ስሄድ እሷ በቀኝ። ከሁሉ የከፋው አህያው ነበር። ስንዴ የተጫነ አንድ አህያ ከኋላችን መጥቶ፣ የሚያልፍበት መንገድ እያለለት፣ በመሀላችን ገባ። ነጠላው ጆንያው ላይ ተጠለፈ። አህያ ነጂው ከኋላ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል፤ አህያው የሚሰማው ነገር አልነበረውም። ግራና ቀኙን ይዘን እንደ ሙሽራ ሚዜ አጅበነው ገበያ ገባን። የእኔ ነጠላ ጠርዙ ሲተረተር ይሰማኝ ነበር። የአጎቴ ሚስት ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ነጠላ ነው። የአስካለ አልተነካም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወፍራም ጥለት ያለው ነበር።

አህያው የጣለን የአስካለ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ነው። ቅቤ ትሸጣለች። ክንዷ የእኔን ወገብ ያህላል።

«ምንድን ነው ይሄ? አስካለ፣ ምን ሆናችሁ ነው?»

አስካለ እኔን አየችኝ፤ እናቷን አየች። ጨሌዋን ወደ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ገብስማዋን ሰርቃለች ተብላ ዳኛ ፊት ቀርባለች። ለሰኞ ተቀጥራለች» አለች።

እዩልኝ። አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። ይቅር ያላልኳት ለዚህ ነው። ዋሽታ ቢሆን ይቅር እላት ነበር።

«የእኔን ገብስማ?» አለች እናቷ። «እንቁላል ልትጥል የደረሰችውን?»

ያኔ ዶሮዋ እውነተኛ ዶሮ እንደሆነች፣ እውነትም እንደጠፋች ገባኝ። ገበያተኛው ከበበን። «ዋስ አላት?» ይላል አንዱ። «ምን ዋስ ያስፈልጋታል፣ ታስራ የለ» ይላል ሌላው። እኔ በሙሉ ድምፄ፣ «በደለ የተባለ ማለት የበደለ ማለት አይደለም» አልኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ «ስሚያት፤ ትምህርት ቤት ሄዳ ሌባም ጠበቃም ሆና መጣች» አለች።

በዚህ መሀል ጋሼ መጣ። ጋሼ አጎቴ ነው፤ ከኢተያ ስንዴ እያመጣ ይሸጣል። ወላጆቼ ኦጎልቾ ናቸው፤ እዚያ ሰባተኛ ክፍል ስላልነበረ እሱ ዘንድ ሆኜ ነበር የምማረው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ስሙን ግን እንደ ሚዛኑ ነበር የሚጠብቀው። ዙሪያውን አየ። ደንበኞቹ ሁሉ ነበሩ።

«ነገ ጠዋት የጭነት መኪናው ወደ ኦጎልቾ ባዶውን ሊወርድ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ባዶውን አይወርድም።»

ኦጎልቾ የሚጠብቁኝ ጥጆቹ ነበሩ፤ ከጥጆቹ ቀጥሎ ደግሞ አባቴ ሊድረኝ ቃል የገባለት አንድ ባል።

«ጋሼ፣ ዳኛ ይፍረድ» አልኩት። «እውነተኛ ዳኛ። ሌባ ናት ካለ እኔ ራሴ ቀድሜ መኪናው ላይ እወጣለሁ።»

ጋሼ ገበያተኛውን አየ። ገበያተኛው ጋሼን አየ። በነጻ የሚታይ ሙግት የሚጠላ ሰው አሰላ ውስጥ አልነበረም።

«ባላምባራስ ጋ እንሂድ» አለ። «ነጻ ናት ካሉ ትቀራለች። ካላሉ ትወርዳለች።»

ባላምባራስ አጥቢያ ዳኛችን ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት ግቢያቸው ውስጥ ዝግባው ሥር ይሰየማሉ። ጉዞ ተጀመረ። እኔና አስካለ ከፊት፣ ጋሼና እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ፣ ከእነሱ ኋላ ሥራ ያልነበረው ሁሉ። ሥራ የነበራቸውም አሉበት።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ አስካለ ቆመች።

«በላይ እንሂድ፤ በዚህ ጭቃ ነው» አለች።

«ደርቋል እኮ» አልኳት።

«ውሻ አለ።»

ወደ ታች አንድ እርምጃ ሄድኩ። ነጠላው ተወጠረ። ወደ ላይ ተመለስኩ። ላላ። አሁንም ወደ ታች ሄድኩ፤ አንገቴ ሊቆረጥ ደረሰ። አስካለ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ ፊቷን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ነጠላው ግን ይናገር ነበር። ሰው የሚፈራውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ልብሳችሁን ከልብሱ ጋር ቋጥሩትና በየመንገዱ ውሰዱት። እዚያ ታች ምን እንዳለ አላወቅኩም፤ ከውሻ የሚበልጥ ነገር እንደሆነ ግን አወቅኩ። ጎንበስ ብዬ እንደ በሬ ጎተትኳት።

«በሕግ አምላክ» አለች አስካለ።

ሰው ሁሉ ቆመ። ጋሼ አንድ እግሩ ኩሬ ውስጥ ነበር፤ እንዳለ ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ የቅቤ ቅሏን እንደታቀፈች ቆመች። ቀጥሎ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም፤ አስካለም አታውቅም። እኔ ግን ተምሬያለሁ።

«በሕግ አምላክ ያለ ወደ ዳኛ ይቀርባል። የዳኛው ቤት ደግሞ በዚህ ይቀርባል» አልኳትና መጎተቴን ቀጠልኩ። አባባ ደሴ፣ በሩን ለማን ትተው እንደመጡ እንጃ፣ ከኋላ «አገኘችው» አሉ።

መንገዱ ላይ የሚገኘው የአዴ ከዲጃ ቤት ነበር። አዴ ከዲጃ ዶቃና መርፌ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ግርግሩን ሰምተው ብቅ አሉና አስካለን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህን ሁሉ ሰው ምን ልትሠሪበት ይዘሽ መጣሽ? ጨሌውን እናትሽ አልወደደችውም እንዴ?»

«የምን ጨሌ?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

«ክሩ አንገቷ ላይ የሚታየውን ነዋ። እናቴ ልካኝ ነው፣ ዶሮዋን ውሰጂና ጨሌውን ስጪኝ ብላኝ። ካልወደድሽው መልሺው፤ ዶሮሽም አለች፣ ምንም አልሆነች።»

ይህንን ሲሉ ገብስማዋ ራሷ ከጓሮ እየተንጎራደደች መጣች። እግሯ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አለ። እኔ ያን ያህል የጀገንኩት ሰው ጮኼ አስካለ ኋላ ተደበቅኩ። አባባ ደሴ ለሕዝቡ፣ «ዶሮ ትፈራለች። እንዴት ትሰርቃለች?» አሉ። ክፍል ውስጥ የተሳቀበት መልሴ እዚያ መንገድ ላይ ማስረጃ ሆነ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጇን ወደ ልጇ አንገት ሰደደችና ጨሌውን አወጣችው። ከዚያ ክንዷ ወደ ላይ ተነሳ።

«በሕግ አምላክ» አልኩ እኔ። አስካለን ላድናት አልነበረም፤ እሷ ከወደቀች አብሬ ነው የምወድቀው።

ክንዱ ወረደ። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጋሼ ዞራ፣ «ልጆች ናቸው፤ ጨዋታ ነው፤ እንፍታቸውና እንሂድ» አለች። ጋሼም የረጠበ እግሩን እያራገፈ፣ «በቃ፣ ትቀሪያለሽ፤ ነዪ ልፍታሽ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን?»

«ሌባ የተባልኩት ገበያ መሀል ነው። አሁን እዚህ ብትፈታኝ ነገ ምን ይባላል? አጎቷ ፈታት ይባላል። ዳኛ ይፍታኝ።»

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው አየኝ። «ሂጂ እሺ» አለ። ገብስማዋን አዴ ከዲጃ ታቅፈው ከእኔ ራቅ ብለው ተከተሉ።

ባላምባራስ ዝግባው ሥር ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። ሕዝቡን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፤ መፋቂያውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይህን ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። «ተከሳሽ ማናት? ተናገሪ።»

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። «ባላምባራስ፣ ማስረጃው የእሷ አንገት ላይ ነው፣ ምስክሬ አዴ ከዲጃ ናቸው፣ ዋሴ ጋሼ ነው፣ ቀጠሮ አልፈልግም፣ ይግባኝ እላለሁ።»

«ይግባኝ የሚለው የተረታ ነው፣ ልጄ። አንቺ ገና አልተረታሽም።»

«እንግዲያው እሷ ትበለው» አልኩ።

ባላምባራስ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸፈኑ። አዴ ከዲጃ «ወላሂ» ብለው ምለው ያዩትን ተናገሩ። ባላምባራስ ወደ አስካለ ዞሩ።

«ከሳሽ፣ ምን ትያለሽ?»

«ጨዋታ ነበር» አለች አስካለ። ያኔ ጨዋታ አለችው፤ ዛሬ ደግሞ ፍቅር ትለዋለች።

«ሰውን ከትምህርቱ አውጥቶ ኦጎልቾ የሚያወርድ ጨዋታ አላውቅም» አሉ ባላምባራስ። «ዶሮዋ ለባለቤቷ፣ ጨሌው ለባለቤቱ ይመለስ። ተከሳሽ ነጻ ናት። ይህንንም ገበያ ስትመለሱ ሰምቻለሁ በሉ።»

ሊፈቱን እጃቸውን ዘረጉ። ቋጠሮው አህያው ከጎተተው ወዲህ ድንጋይ ሆኗል። በጣታቸው ሞከሩ፤ ወስፌ አስመጥተው ሞከሩ፤ በመጨረሻ በቢላ ቆረጡት። የተቆረጠው የእኔ ጫፍ ነበር። ባላምባራስ ነጠላዬን ወደ ብርሃን አነሱት። ከጠርዝ እስከ መሀል ተተርትሮ ሰማይ ይታይበታል።

«ካሳ ማለት የጎደለውን መሙላት ነው» አሉ። «ከሳሽ ነጠላዋን ለተከሳሽ ታልብስ።»

አስካለ እናቷን አየች። እናቷ ዶሮዋን ታቅፋ ወደ ሌላ ታያለች። አስካለ ነጠላዋን አወለቀችና ሰጠችኝ። ያን ቀን የጭላሎ ተራራ ብርድ እንደ መርፌ ነበር። ቀስ ብዬ አጣፋሁት፤ ጥለቱን ወደ ውጭ አዞርኩት፤ በገበያው መሀል ረጅሙን መንገድ መርጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት ሻጯ ጋ ስደርስ ቆሜ «ነጻ ነኝ» አልኳት። በማግስቱ መኪናው ባዶውን ወደ ኦጎልቾ ወረደ።

ሰኞ መምህር ጌታነህ ሴት ልጅ ተወልዳላቸው እየሳቁ መጡ። ኮታቸውን ከመሬት አንስተው አራገፉ። «የተቀጠረ ፍርድ ነበረን» አሉ። ደጀኔ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ተነስቼ፣ «መምህር፣ ጉዳዩ በአጥቢያ ዳኛ ታይቶ ካሳ ተከፍሏል» አልኩ።

«ካሳ የሚለውን ገና አላስተማርኳችሁም» አሉ ተገርመው። «ካሳ ማለት ምንድን ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ትከሻዬን አየ።

የአስካለ ነጠላ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እስክንፈተን ድረስ ቆየ። በየቀኑ ለበስኩት። ሲያልቅ ቆራርጬ የወለል መወልወያ አደረግኩት።